ሎሚ የዳረኝ ሳምንት

ባል ሳይኖረኝ ለሦስት ቀን ባለትዳር ሆኜ ካርቱም ውስጥ ኖሬአለሁ። ከንፈራችሁን እንዳትመጥጡብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ የሎሚ። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ግን ቶሎ አልጨርስም። ያን ጊዜ የሚሰማኝ ሰው ስላልነበረ ብዙ ወሬ ተጠራቅሞብኛል፤ እናንተ ላይ ይራገፍ።

ሥራዬ አል-ሳሃፋ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት የግል ላቦራቶሪ ማጽዳት ነበር። ላቦራቶሪ ስላችሁ ደምና ሽንት እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ የሚመረመረው ውሃ ነው። ከየጉድጓዱ፣ ከየጭማቂ መጥመቂያው በጀሪካን ይመጣል፤ ዶክተራ ሰልማ ትመረምረዋለች። ዶክተራ ሰልማ አለቃዬ ናት፤ በዕድሜ ግን እኔ አሥር ዓመት ሳልበልጣት አልቀርም። ስትቆጣም ድምጿን አታነሣም፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ይኼ ደግሞ ከጩኸት የባሰ ያስፈራል። ውሃውን በብርጭቆ ትቀዳና አንድ ሁለት ጠብታ ቀለም ጣል ታደርግበታለች፤ ብጫ ይሆናል። ከዚያ ከላይ በቀጭን የመስታወት ቱቦ አሲድ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ታደርግበትና ቆይቶ ቆይቶ ድንገት ወደ ቀይ ይዞራል። ያን ጊዜ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እኔ ወለል እየወለወልኩ አራት ዓመት ሙሉ ይኼን አይቻለሁ። ፍየልም እኮ አራት ዓመት ሙሉ ጸሎት ትሰማለች፤ ግን ስትጸልይ ያያት የለም።

ቀለሙ ሜቲል ኦሬንጅ ይባላል። ዱቄት ሆኖ በትንሽ ጠርሙስ ይመጣል፤ መልኩን ብትጠይቁኝ እርድና በርበሬ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የአማርኛውን ፊደል ከወንድሜ ደብተር ሰረቅኩ፤ የዐረብኛውን ከመድኃኒት ጠርሙስና ከሱቅ ግድግዳ ለቀምኩ። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም እያልኩ እኮራ ነበር። ታዲያ ከዚያ ዱቄት መደርደሪያ በላይ በመስታወት የተለበጠ ረጅም ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል። በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ፤ ከጥራቱ የተነሣ ፊቴን አይበታለሁ። ያየሁት ግን ፊቴን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጓንቱ። ዶክተራ «ጓንት ለአንድ ጊዜ ነው፤ ከተሠራበት ይጣላል» ትላለች። እኔ ደግሞ ሳይቀደድ የሚጣል ነገር አንጀቴ አይችልም። እሷ ሳታይ አጥቤ ጓሮ ገመድ ላይ አሰጣዋለሁ። ነፋስ ሲገባበት ጣቶቹ እየተነፉ እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። አንዳንድ ቀን ሳልዋሽ ከጠዋት እስከ ማታ እጁን ያነሣልኝ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ሰኞ ጓንቶቼ ገመድ ላይ ሰላምታ ሲሰጡ፣ እኔ በባዶ እጄ መደርደሪያ እወለውል ነበር። ጨርቄ ጠርሙሷን ገፋ አደረጋት። ክዳኗ በደንብ አልተጠመዘዘም ኖሮ ተንከባልላ ሆዷን ዘረገፈችው።

እንግዲህ የፈሰሰ በርበሬ እንዴት እንደሚነሣ የማታውቅ የእኛ አገር ሴት የለችም። በመዳፍ ጠርዝ ወደ መሐል ሰብሰብ፣ በወረቀት ላይ አፈስ፣ ወደ ዕቃው መለስ፣ የቀረውን እፍ። እኔም እንደ እናቴ ልጅ ሰበሰብኩ፣ አፈስኩ፣ መለስኩ፣ እፍ አልኩ። አነጠስኩ። የካርቱም ሙቀት መዳፌን አረጥቦት ስለነበር ዱቄቱ ላቤን ጠጥቶ ቀኝ እጄ ላይ ተኛ። መደርደሪያው እንደ ነበረ ሆነ፤ ማንም አላየም። ከእጄ በቀር ምስክር አልነበረም።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ብርቱካናማው ለቀቀ፤ ብጫው ግን ቀረ። ደግሜ ታጠብኩ፤ ብጫነቱ ፈካ። በዚያው እጅ ወደ ሰፈሬ፣ ወደ ሶባ፣ በሚሄደው ሃፍላ ተሳፈርኩ። ሃፍላ የምንለው ሚኒባሱን ነው፤ እስከ ሶባ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠው ጋር ይጫወታል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የፊቱን ወንበር የያዘውን እጄን አየች። ከዚያ ዓይኔን አየች። ከዚያ በተጠቀለለችበት ልብስ፣ በቶቧ፣ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች።

«የርቃን ነው?» አለችኝ። የወፍ በሽታ ማለቷ ነው።

«አይ፣ ቀለም ነው።»

«እህቴም መጀመሪያ እንዲያው ነበር ያለችው» ብላ ተነሥታ ወደ ኋላ ሄደች። ገንዘብ የሚሰበስበው ኩምሳሪም ሒሳቤን በሁለት ጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ ተቀበለኝ። እስከ ሶባ ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር ላይ ብቻዬን ተንደላቅቄ ሄድኩ። በሕይወቴ እንዲህ ሰፊ ቦታ አግኝቼ አላውቅም፤ እንዲህም ጠቦኝ አያውቅም።

ሶባ የምኖረው በሐጃ ዘይነብ ግቢ፣ ጓሮ ካለች አንዲት ክፍል ነው። ሐጃ ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ባሕር ተሻግረው ዐረብ አገር ይሠራሉ። ግቢው አንድ፣ በሩ ሁለት። በአራት ዓመት ውስጥ ከሰላምታና ከውሃ ቧንቧ ወሬ ሌላ የተነጋገርነው የለም። እሳቸው በረንዳቸው ላይ ለስምንት ሰው የሚሆን ሰፊ ትሪ ዘርግተው ብቻቸውን ይበላሉ፤ እኔ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን በማንኪያ እበላለሁ። በማንኪያ የምበላው ሠልጥኜ አይደለም፤ ብቻውን የሆነ ሰው በእጁ ሲበላ ገበታው ይሰፋበታል።

ያን ማታ ግትር እድፍን ሎሚ እንደሚያስለቅቅ ትዝ አለኝ። አንድ ሎሚ ሰንጥቄ መዳፌን አሸሁት። እጄ ዓይኔ እያየ ደም መሰለ። ቆዳዬ የተላጠ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ አያምም። በሳሙና ታጠብኩ፤ ብጫ። በሎሚ አሸሁ፤ ቀይ። ሳሙና፤ ብጫ። ሎሚ፤ ቀይ። ሰይጣን እጄ ላይ ሱቅ ከፍቶ ጨርቅ የሚያማርጠኝ መሰለኝ። ዶክተራ በየቀኑ ብርጭቆ ውስጥ የምታደርገውን እኔ መዳፌ ላይ እያደረግሁ መሆኑ ብልጭ ቢልልኝ ምን ነበረበት። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብጫው ሰው ያሸሻል። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ሎሚ አሽቼ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ሱዳን ላልኖራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ በእንሶስላ የምናደርገውን እነሱ በሂና ያደርጉታል፤ ግን እጇና እግሯ ላይ ሂና የምታደርገው ያገባች ሴት ናት። ሴትየዋ ጣቷ ላይ ቀለበት ባይኖር እንኳ መዳፏን አይቶ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ይኼን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን አርባ ሊሞላኝ ምን ያህል ቀረኝ፤ ማን ሙሽራ ብሎ ይጠረጥረኛል ብዬ ነው።

ሃፍላው ውስጥ አንዲት አሮጊት እጄን አይተው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔ ለእሳቸው መልቀቅ ሲገባኝ እሳቸው ለእኔ። «መብሩክ ያ ዐሩሳ» አሉኝ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ሙሽራ ማለት ነው። መዳፌን ይዘው እየደባበሱ እስከ አል-ሳሃፋ ስለ ባል አያያዝ አስተማሩኝ። ኩምሳሪው፣ ያው በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ የተቀበለኝ፣ ሒሳብ አልቀበልሽም አለኝ። ከሰው እጅ ጋር እጄ እንዲያ ተያይዞ የቆየበትን ቀን ላስታውስ ብዬ አጣሁት።

ከላቦራቶሪው ደጃፍ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር እቴነሽ ሻይ ትሸጣለች። የአገሬ ልጅ ናት፤ አፏ ከሬዲዮ ይፈጥናል። ብርጭቆውን ስቀበላት መዳፌን አየች።

«አምጪው እስቲ እጅሽን።»

«ምን አለበት?»

«ምን አለበት ትለኛለች ደግሞ። ሰው ዶሮ ሲገዛ እንኳ ለጎረቤት ይነግራል፤ አንቺ ባል አግብተሽ ዝም? ማነው?»

«ምንም አላገባሁም» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ግን እቴነሽ ደንበኞቿን ትታ፣ በርጩማዋን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አጥፋ እየጠበቀችኝ ነው። እንዲያ ሆኖ የእኔን ወሬ የጠበቀ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ሾፌር ነው» አልኩ።

«የምን ሾፌር?»

«የከባድ መኪና። ፖርት ሱዳን ነው ያለው።» ራቅ ይበል ብዬ ነው፤ ዕቃ አይደለ፣ አምጪና አሳዪኝ ብትለኝስ።

«የኛ ነው የነሱ?»

«እናቱ የኛ፣ አባቱ የነሱ።»

«ስሙስ?»

«ያዕቆብ።» ለሁለቱም ሃይማኖት የሚሆን ስም ስፈልግ የመጣልኝ እሱ ነው።

«ጥሩ ሰው ነው?»

«ዝምተኛ ነው» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ከዚያ የበለጠ ዝምተኛ ባል በዓለም ላይ የለም።

ላቦራቶሪ ስገባ አዲስ ጓንት አጠለቅኩና ቀኑን ሙሉ አላወለቅኩም። ዶክተራ ሰልማ አይታ «ዛሬ ጎበዝ ሆነሻል» አለችኝ። በአራት ዓመት የመጀመሪያው ምስጋናዬ ነበር፤ እሱንም በሌብነት አገኘሁት። ስወጣ በላስቲክ ጠቅልዬ የያዝኳትን ግማሽ ሎሚ አሸሁ። መንገድ ላይ መብሩክ፤ ሱቅ ስገባ መብሩክ። ማታ ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያዕቆብ ፖርት ሱዳን ላይ በልቶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ያንን በማሰቤ ሳቅኩ፤ ሳቄ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲሰማኝ ደግሞ ተውኩት። ባል የሌላት ሴት ብቻዋን ናት፤ የሌለ ባል ያላት ሴት ግን ሁለት ጊዜ ብቻዋን ናት።

ረቡዕ ዶክተራ ውሃ ልትቀዳ ወደ ጉድጓዶቹ ወጣች። የግድግዳውን መስታወት ስወለውል፣ ፊቴን ሳይሆን ጽሑፉን ማንበብ ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ፊቴን ማየት ስላልፈለግሁ ይሆናል። ፊደሉን እየቆጠርኩ ነው የማነበው፤ ግን አነበብኩት። ዱቄቱ በባዶ እጅ አይነካም። በደረቁ አይጠረግም፣ እፍ አይባልም፣ ብናኙ አይሳብም፤ በእርጥብ ወረቀት ይነሣና በከረጢት ታስሮ ይጣላል። ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። የነካው እጅ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ከምግብ ይራቅ፣ ከዓይን ይራቅ። ከተዋጠ መርዝ ነው። የፈሰሰ ሁሉ ዕለቱን ለኃላፊዋ ይነገራል። አንድ በአንድ ከሠራሁት ጋር አመሳከርኩት። ያላጠፋሁት አንድም አልተገኘም፤ በፈተና ቢሆን አንደኛ እወጣ ነበር።

ልነግራት ይገባ ነበር። እንዳታባርረኝ ፈራሁ እላለሁ ለራሴ። ውሸት ነው። ዶክተራ ብትሰማ ቀለሙ እስኪጠፋ አስቀምጣ ታሳጥበኛለች። እኔ የፈራሁት መባረሩን ሳይሆን መታጠቡን ነው።

ማታ ልብስ ሳሰጣ ሐጃ ዘይነብ ከበረንዳቸው ተነሥተው መጡ። እኔ ወዳለሁበት ሲመጡ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። እጄን ያዙና ወደ መብራቱ አዞሩት።

«ያ ቢቲ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉ ነው። «በግቢዬ ሙሽራ አለች፤ እኔ ከባለ ሱቁ ልስማ?»

«ሐጃ፣ እሱ ነገር እኮ...»

«ሰውየው የት ነው?»

«ፖርት ሱዳን።»

«የእኔዎቹም ሩቅ ናቸው» አሉ። «ነገ ኸሚስ ነው። ሙሽራ በኸሚስ ብቻዋን አትበላም። ከእኔ ጋር ትበያለሽ።» መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ኸሚስ፣ ሐሙስ ማለት ነው፣ ከሥራ ስመለስ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ አሞኛል ብዬ ለመቅረት ቆርጬ ነበር። በመስኮት ሳይ ሐጃ በረንዳውን አርሰው ጠርገዋል፣ የተቀመጠ ምንጣፍ አውጥተዋል፣ ጎረቤታችንን ኡም ኻሊድን ጠርተዋል። ሎሚዬን አነሣሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ነው አልኩ፤ ሌባ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው።

ትሪው ላይ የእነሱ ስስ እንጀራ፣ ኪስራው፣ ተነባብሯል፤ መሐሉ ላይ የባምያ ወጥ ይፋጃል። ቀኝ እጄን ከነጠላዬ ሥር ደበቅኩት።

«በማንኪያ ብበላስ?» አልኩ።

«ሙሽራ በማንኪያ?» አለች ኡም ኻሊድ። «ባልሽ ነው እንዲያ ያስለመደሽ?»

«ተያት፣ አፍራ ነው» አሉ ሐጃ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ሐበሾች በእጃችሁ ትጎራረሳላችሁ ሲባል እሰማለሁ። እስቲ ከሙሽራ እጅ አንድ ልቅመስ» አሉኝ። እጄን ከነጠላዬ ሥር አውጥተው ወደ ትሪው ይዘውት ሄዱ፤ አፋቸውን ከፈቱ።

አንድ የፊት ጥርስ የላቸውም። አራት ዓመት አብረን ስንኖር አላየሁትም ነበር። ይኼን ያህል ቀርቤአቸው አላውቅማ። እኔም ሰው ካጎረስኩ አራት ዓመቴ ነው። ኪስራው ጣቶቼ ሥር ነው፤ ቆረስ አድርጎ፣ ጠቅለል አድርጎ፣ እዚያች ክፍት ቦታ ማድረስ ብቻ ነው የቀረኝ። ከተዋጠ መርዝ ነው። ፊደሉን ቆጥሬ ያነበብኩት ሁሉ ዓይኔ ላይ ተሰለፈ።

እጄን መነጨቅኩት። ትሪው ተንገጫገጨ፤ ወጡ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

ሐጃ አፋቸውን ገጠሙ። ሐፍረት ሲገባ ፊታቸው ላይ አየሁት። «የእኔ አፍ አስጠላሽ?» አሉኝ፤ ቀስ ብለው።

«እጄ ነው» አልኩ። «ሂና አይደለም ሐጃ። የሥራ ቦታ ቀለም ነው፤ ለሰው ሆድ መርዝ ነው። ደፍቼው፣ ደብቄ...»

«ባልሽስ?» አለች ኡም ኻሊድ።

«እሱም የለም። በሎሚ ነው የመጣው።»

ይኼ አባባል ሌላ ማብራሪያ እንደሚፈልግ ገባኝና ሳሙና አምጥቼ ፊታቸው ታጠብኩ። እጄ ብጫ ሆነ። ኡም ኻሊድ «ቢስሚላህ» ብላ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ሎሚ አሸሁ፤ ቀይ ሆነ። ሐጃ አጎንብሰው አዩት።

«ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ስልኬን አስወጥተውኝ «ለዚያች ለዶክተራሽ ደውዪ» አሉ። ስደውልላት ድምጽ ማጉያውን ከፍቼ፣ የሆነውን ሁሉ ለዶክተራ ሰልማ ነገርኳት። በሌላው ጫፍ ያ ቀስ ያለ ድምጿ መጣ።

«በዚያ እጅሽ በልተሻል?»

«አልበላሁም። በማንኪያ ነው የምበላው።»

«ዓይንሽን ነክተሻል? ቆዳሽ ቆስሏል? ሳል አለሽ?»

«የለም። የዚያን ዕለት ብቻ አነጠስኩ።»

«ደህና። በብዙ ውሃና በሳሙና ታጠቢ፤ በየቀኑ። ጊዜ ይፈልጋል፤ ይለቃል። ሎሚውን ተዪው፤ ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳ ያቃጥላሉ። ቀለሙ እስኪጠፋ በዚያ እጅ ምግብ አትንኪ። ነገ ጠርሙሱን እንጥለዋለን፤ ከመሬት የተለቀመ ዱቄት መልሰሽብኝ ሦስት ቀን ሙሉ ስመረምርበት ነበር። ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳታባርሪኝ ብዬ» አልኩ።

ሐጃ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «አንቺ ልጅ» አሏት ዶክተራን፣ በሕይወታቸው አይተዋት ሳያውቁ፣ «አታባርሪያትም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ማን ይነግራታል? አንቺስ አንድ ቀን እጇን አይተሽ ታውቂያለሽ?» መዳፌን አዩት። «እኔም አላየሁም» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።

ዶክተራ አላባረረችኝም። ያ ጓንት የማጠብ ነገር ግን ተጋለጠ፤ ገመዱንም በእጇ ፈታችው። ለእቴነሽ የያዕቆብ ነገር በስሕተት የተወራ ነው ብላት አላመነችኝም፤ «ትቶሽ ሄዶ ነው» ብላ አለቀሰችልኝ፤ ሻይም ለሳምንት በነጻ።

ያን ኸሚስ ማታ ግን ኡም ኻሊድ ምንጣፉን ጠራርጋ እንደገና ተቀመጥን። ሐጃ «እጅሽ ላይ ተቀመጪበት» አሉኝ። ተቀመጥኩበት። ከዚያ ኪስራውን ቆርሰው፣ በወጡ ነክረው፣ እንደ ሕፃን አጎረሱኝ። አጎራረሳቸውን አያውቁበትም፤ ግማሹ አገጬ ላይ ቀረ። ሲያልቅ «ቀለሙ እስኪለቅ ማታ ማታ ትመጫለሽ፤ ጎረቤት መርዝ በላች ተብሎ እንዳይወራብኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየማታው «አሳዪኝ» ይሉና መዳፌን ወደ መብራቱ አዙረው ያያሉ። «ገና ነው።» ያጎርሱኛል። እኔ አጥብቄ እታጠባለሁ፤ ሳልዋሽ ደግሞ አንዳንድ ቀን ጥቂት ቀለል አድርጌ የታጠብኩበት ጊዜ አለ።

በአሥረኛው ቀን መዳፌ የራሱን መልክ ይዞ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ ከፋኝ። ማታ ወደ በረንዳው ሄጄ ሳይጠይቁኝ ዘረጋሁላቸው። አገላብጠው አዩ፤ በጥፍር ዙሪያ አዩ፤ አሸተቱት።

«ኸላስ፣ ለቋል» አሉ።

«አዎ። እንግዲህ አመሰግናለሁ ሐጃ» ብዬ ልነሣ ስል፣ ትሪውን ወደ እኔ ገፉትና አፋቸውን ከፍተው ጠበቁኝ።

ኪስራውን ቆረስኩ። አራት ዓመት የቆየ ጉርሻ መጠኑን አያውቅም፤ ጠቀለልኩት፣ ጨመርኩበት፣ ጠቀለልኩት። ሳጎርሳቸው ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ጉንጫቸው ተነፋ፤ ውሃ በእጃቸው ጠቁመው ጠየቁኝ። ብዙ አኘኩ። እኔ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ውሃውን ይዤ ጠበቅኩ።

ዋጡና አፋቸውን ጠረጉ።

«ነገ ትንሽ ቀነስ አድርጊው» አሉኝ።